እናታችን በጣቷ የምታውቀው ፀጉር

እናታችን ሁላችንንም ረስታለች። እኔን «ሠራተኛዋ» ነው የምትለኝ፤ የምመግባትም የማጥባትም እኔ ነኝና ብዙም አልተሳሳተችም። ታናሽ እህቴን ግን ታውቃት ነበር፤ ያውም በፀጉሯ። እህቴ ከሥራ መጥታ እናቴ ጉልበት ሥር ቁጭ ስትል የእናቴ ጣቶች ያንን ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ፀጉር ይከፍሉና መጎንጎን ይጀምራሉ። ከዚያ «ልጄ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አስመሸሽ?» ትላታለች። እኔ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ሙያዬ ፀጉር መሥራት ነው፤ የሰው ሳሳምር እየዋልኩ የራሴን በአጭሩ ነው የምቆረጠው። አልቀናሁም ብል ውሸታም ነኝ።

ያቺ እብድ ታዲያ አንድ ቀን ፀጉሯን ቢጫ አድርጋው መጣች። ጓደኛዋ ቤት፣ በብሊች፣ እኔ እህቷ እያለሁ! እንደ ልማዷ ልትቀመጥ ስትል እናታችን እጇን ሰበሰበች። «ይቺን ሴትዮ ማን አስገባት?» ብላ ጮኸች።

በማግስቱ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ እህቴ ጥቁር ቀለም ገዝታ በዚያ በተቃጠለ ፀጉር ላይ ደግማ ለቀለቀችበት። ስገባ ጠቁሯል፤ ነገር ግን ውሃ ሲነካው እንደ ማስቲካ ይሳባል፣ ሲደርቅ ይሰበራል። «አድኚልኝ» አለችኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

«ይቆረጥ» አልኳት። «ከሥሩ ጤነኛው ይወጣል።»

«እስኪያድግ እማዬ ትጠብቀኛለች?»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ልላት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። የያዘችው እናቷን ነበር።

ወጥ ቤቱ ፀጉር ቤት ሆነ። ፀጉሩ እስኪጠነክር ወደ እናታችን ጉልበት እንዳትጠጋ ከለከልኳት። የዕቃ ማጠቢያው ላይ አጎንብሳ በለብታ ውሃ አጥባታለሁ፤ በፎጣ ሳላሽ ጫን ጫን እያደረግኩ አደርቃለሁ። ትሪትመንቱን ከጫፍ ጀምሬ ቀብቼ ራሷን በፌስታል አስራለሁ። ካስክም ሆነ ሌላ ሙቀት አላስነካውም፤ የማፍታታው በጣቴ ነው። እሷ ደግሞ ዞር ስል እንቁላል ትደፋበታለች። ፕሮቲን ሲበዛ ያደርቃል ብላት ማን ሰምቶኝ! አንዴማ በሙቅ ውሃ ታጥባው እንቁላሉ ፀጉሯ ላይ በሰለ። ፍርፋሪውን ስለቅምላት ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፤ ሳቁ ሳያልቅ እህቴ ማልቀስ ጀመረች።

እጄ ላይ የሚቀረው ፀጉር ቀን በቀን በዛ። ለደንበኞቼ «አይዞሽ፣ ይመለሳል» እላለሁ፤ ለእሷ ግን ማለት አቃተኝ። የሞተ ፀጉር አይድንም። የምንቀባው ሁሉ ለመልክ ነው፣ እኔም ይህን እያወቅኩ እቀባለሁ። ሌላ ምን ላድርግላት?

አንድ እሑድ እናታችን በሩን እያየች ድንገት «ልጄ የታለች?» አለች።

እህቴ ፎጣውን ከራሷ ላይ ጥላ ሮጠች። «ቆይ፣ እርጥብ ነው!» ብዬ ተከተልኳት። አልሰማችኝም። እናታችን ጉልበት ሥር ተወሽቃ ቁጭ አለች። እናታችን ፈገግ ብላ ጣቶቿን ሰደደች፣ ፀጉሩን ሦስት ቦታ ከፈለች፣ እንደ ጥንቱም አጥብቃ ሳበችው።

እጇ ላይ ቀረ።

ሌላ ቦታ ያዘች። እሱም ቀረ። የተበጠሰውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቀስ ብላ ደባበሰችው። እህቴ ሳትዞር «እማዬ፣ እኔ ነኝ እኮ» አለች፤ «እኔ ነኝ፣ ጎንጉኚኝ።»

እናታችን ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ይቺ የማን ልጅ ናት?» አለችኝ። «እንዲህ እስክትሆን የሚያያት እናት የላትም?»

«አላት» አልኩ።

«ታዲያ ጥሪልኛ!»