ቀዩ የቱ ነው?

መምህሩ ቀይና አረንጓዴ አይለይም። ከተወለደ ጀምሮ ሁለቱም ለዓይኑ አንድ ዓይነት ደብዛዛ ቡኒ ናቸው። እንዲያም ሆኖ በመዋዕለ ሕፃናቱ አበባና ቀለም በማስተማር የሚደርስበት አልነበረም። ከእንቁላል ካርቶን ጽጌረዳ፣ ከጠርሙስ ክዳን የሱፍ አበባ ያሠራል። ሕፃናቱ እጃቸው በኮላ ተለውሶ፣ «ቲቸር፣ መጀመሪያ የኔን እይልኝ!» እያሉ ይሻሙበታል።

ጉዱን የምታውቀው የጎረቤት ክፍል አስተማሪዋ ብቻ ነበረች። «እህትዓለም» ነው የሚላት። ጠዋት ጠዋት ቀድማው ገብታ ወረቀቶቹን ትለይለታለች፤ ቀዩን በግራ፣ አረንጓዴውን በቀኝ።

ወላጆች ለጉብኝት በመጡ ቀንም እንደ ወትሮው ለይታለት፣ «አይዞህ፣ ታኮራናለህ» ብላው ወጣች። እሱም ከግራ በኩል አንድ ወረቀት ብድግ አድርጎ፣ «ዛሬ በዚህ በቀዩ ጽጌረዳ እንሠራለን» አለ።

አንዲት ሕፃን ከት ብላ ሳቀች። «ቲቸር ደግሞ! አረንጓዴ እኮ ነው!»

ወላጆቹ ቀልድ መስሏቸው አብረው ሳቁ። ዳይሬክተሯ ግን ፊቷ አልተፈታም። ከግድግዳው ሁለት የወረቀት አበቦች ነቅላ ፊቱ ዘረጋችለት። «እስቲ ቀዩ የቱ ነው?»

አጠያየቋ ቀድሞ የተነገረው ሰው አጠያየቅ ነበር። መምህሩ ዞር ሲል እህትዓለም በሩ ላይ ቆማለች። ዓይኗን ሰበረች።

«አላውቅም» አለ።

በሳምንቱ ክፍሉ ለእህትዓለም ታናሽ እህት ተሰጠ። እሱ ወደ ስፖርት ተዛወረ። እህትዓለምን ኮሪደር ላይ ሲያገኛት አስቆማት።

«ወረቀቶቹን አንቺ ነሽ ያቀያየርሻቸው?»

«እህቴ ተመርቃ ቤት ተቀምጣ ስታለቅስ ምን ላድርግ? አንተ እንደሆንክ የትም ቦታ ትሠራለህ።»

«ብትጠይቂኝ እኮ ራሴ እለቅላት ነበር።»

መንገዱን ለቀቀላትና አለፈች። ከዚያ ወዲያ ሰላምታዋን በግማሽ አፉ ከመመለስ በቀር አላናገራትም።

አንድ ቀን ከድሮ ተማሪዎቹ አንዷ ሜዳው ድረስ ሮጣ መጥታ የወረቀት አበባ ሰጠችው። «ቀይ ነው፣ ቲቸር። ለአንተ ብዬ ነው የሠራሁት።» ጉንጯን ስሞ አመሰገናት። ከትምህርት ቤቱ ሲወጣ ግን በሩ ላይ እግሩ አልሄድ አለው። አበባውን ለዘበኛው አሳየው።

«ይሄ ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

«ቀይ ነዋ!» አለ ዘበኛው ግራ ገብቶት።

መምህሩ አበባውን ደረት ኪሱ ከተተ። የአራት ዓመት ልጅን መጠራጠሩ አሳፍሮት አንገቱን ደፍቶ ወጣ።