በዶሪን ፋይል የተፈተነው ሐኪም

ሥራዬ መታመም ነው። ካናዳ፣ ዊኒፔግ ከተማ ውስጥ በአንድ ማስተማሪያ ሆስፒታል በሽተኛ መስዬ እተኛለሁ፤ የሕክምና ተማሪዎች ይመረምሩኛል። ሲጨርሱ ተነሥቼ እንዴት እንደያዙኝ እናገራለሁ፤ ማንም አያቋርጠኝም። ከዚያ ቅጽ እሞላለሁ፤ የመረመረኝ ሰው ራሱ ጮክ ብሎ ያነበዋል። ይህን ደንብ ያወጣው ዶክተር ታልቦት ነው፤ እጁ ይባረክ!

ከስድስት ዓመት በፊት እህቴ ዶሪን እዚሁ ድንገተኛ ክፍል መጣች። ያስመልሳታል፣ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። ስኳሯ ጣራ ነክቶ ነበር። ታልቦት ከአገሩ ነባር ሕዝብ፣ ከእኛ ከክሪዎች የተወለደች መሆኗን አየና «ሰክራለች፤ እስኪለቃት ትቀመጥ» ብሎ ጽፎ ሄደ። ዶሪን እኮ ቢራ በአፏ ዞሮ አያውቅም! ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ሞተች።

አቤት ብል «ጥፋት አልተገኘም» አሉኝ። ጥርሴን ነክሼ እዚህ ተቀጠርሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ ስሟን በተማሪዎቹ ፊት በገዛ አፉ እንዲጠራ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ዘንድሮ «ሰውን ሁሉ በእኩል ዓይን ማከም» የሚለውን ትምህርት እንዲያስተምር ማንን ቢሾሙ ጥሩ ነው? ታልቦትን! የበሽተኛዋን ታሪክ የምጽፈው እኔ ነኝና የዶሪንን ፋይል እንዳለ ገለበጥሁት። እሱ ጉረኛ ነው፤ «ሳላነበው ልግባ፤ ተማሪዎቹ እንዴት እንደሚሠራ ይዩ» አለ።

ገባ። ቁና ቁና ተነፈስሁ።

«አይዞሽ እናትዬ፣ እዚህ ማንም አይፈርድብሽም። ዛሬ ምን ያህል ጠጣሽ?»

«አልጠጣም።»

«ግዴለም፣ እውነቱን ንገሪኝ።»

«አልጠጣም አልኩ እኮ! ውሃ ነው የጠማኝ።»

ወደ ተማሪዎቹ ዞረ። «አያችሁ? ሳናሸማቅቅ እንጠይቃለን። ሕዝቧ ያለፈበትን መከራ መረዳት ያስፈልጋል።»

ማሪሴል የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች። «ዶክተር፣ ስኳሯን ብንለካስ?»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ስካሩ ይልቀቃት።»

የምርመራው ጊዜ ማብቂያ ደወል ተደወለ። ተነሥቼ ቁጭ አልሁ።

«በሽተኛዋ ሞተች» አልሁ። አንዳንዶቹ ሳቁ። ከትራሱ ሥር የዶሪንን ፋይል ቅጂ አውጥቼ ለማሪሴል ሰጠኋት። «እስቲ የኔ ቆንጆ፣ ከታች የፈረመው ማነው?»

አየችው። «ዶክተር... ታልቦት።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ማርሊን፣ ይሄን ውጪ ወጥተን—»

«አይቋረጥም! ደንቡን ማን አወጣው?» አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የእግዜር ቁጣ አይምጣብኝ እንጂ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቅጹን ሞልቼ ሰጠሁት። «በል አንብብ።»

ተማሪዎቹን አየ። አንድም የሳቀ የለም። የመጨረሻውን ጥያቄ አነበበ።

«ወደዚህ ሐኪም ተመልሰው ይመጣሉ?»

«መልሱንስ?»

«ዶሪን ፍሌት... መመለስ አልቻለችም።»

«አልተሰማም» አልሁት። «ስሟን ድገመው።»