የቲጃኒ ግራ እጅ

የኤሌክትሪክ ምድጃ ድምፅ የለውም የሚል ሰው አንድም ደንቆሮ ነው፣ አንድም ከምድጃ አጠገብ ተቀምጦ አያውቅም። ማኑቢያ ሃያ ዓመት ተቀምጣለች። ሽቦው መጋል ሲጀምር ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ሲሞቅ ረጅምና ወፍራም እምምታ ይሆናል፣ ልክ እንደተኛ ሰው ትንፋሽ። ባሏ ቲጃኒ ከሞተ ወዲህ እሷም ወንበሯን አስጠግታ ዓይኗን ትጨፍንና እሱ አጠገቧ እንደተኛ ታስባለች። የብርቱካን አበባ ለሽቶ ውሃ በየግቢው በሚነጠርበት በዚህ ወቅት ደግሞ ሽታው በመስኮት ይገባል፤ ሙቀቱና ሽታው ተደባልቀው ነቅታ ይሁን ተኝታ እስክትረሳ ያደርሷታል።

አራቱንም ማሞቂያ ሽቦዎች በእጁ የጠመጠማቸው ቲጃኒ ነበር። ግራኝ ስለነበረ ጥምጥሙ ከሰው ሁሉ ሽቦ በተቃራኒ ይዞራል። በናቡል ከተማ ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ እንዲህ ያለ ሽቦ ያለው የማኑቢያ ምድጃ ብቻ ነው።

ሽቦ ግን ያረጃል። ዘጠኝ ሰዓት ይፈጅ የነበረው ሸክላ የመተኮስ ሥራ አሥራ አራት ሰዓት ይፈጅ ጀመር፤ ሽቦዎቹም በምድጃው ጡብ ላይ ከተቀረጸላቸው ቦይ ወጥተው ተንዘላዘሉ። በክረምቱ አንደኛው ተበጠሰ። ያን ጊዜ አራቱንም መቀየር እንዳለባት አሳምራ ታውቃለች። አሮጌና አዲስ የሚቀላቅሉ ጎረቤቶቹን ቲጃኒ ራሱ ስንት ጊዜ ጮኾባቸዋል! እሷ ግን ከገበያ አንድ ሽቦ ገዝታ በሦስቱ መካከል ሰካችው።

የተቀጣችው በወፏ ነው። ቲጃኒ ሳይሞት ለሰፈሩ የውሃ ምንጭ በሸክላ ንጣፎች ላይ የተሳለች ትልቅ አረንጓዴ ወፍ እሰጣለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። ማኑቢያ ስላ ጨርሳ፣ ቀብታ ምድጃ አስገባቻት። ምድጃው ሲከፈት በአዲሱ ሽቦ በኩል የነበረው የወፏ ቀኝ ክንፍ ከመጠን በላይ ግሎ ቅቡ ወደ ታች ፈስሷል፤ ግራ ክንፏ ደግሞ ሙቀት ስላነሰው አመድ የነሰነሱበት መስሏል።

ምድጃ ጠጋኙን ሹክሪን አስጠራችው። ባትሪውን አብርቶ አንገቱን ወደ ውስጥ ሰደደ።

«እትዬ ማኑቢያ፣ ይሄ ምንድን ነው? ሦስት ያረጁ አህዮችና አንድ ጎረምሳ በቅሎ አንድ ጋሪ ላይ ጠመዱ?»

«በቅሎህን አውጣና አህዮቹን ተውልኝ።»

«አህዮቹማ ሞተዋል። ቆመው ስለሞቱ ነው ያላወቁት።»

«አፍህን ያዝ፣ አንተ!»

«እኔ አፌን ብይዝ ወፏ ትናገራለች።» ሸክላዎቹን በአገጩ አመለከታት። «ክንፏን ሽባ ያደረጋት ማን ነው? ቲጃኒ ነፍሱን ይማረውና፣ ይሄን ቢያይ ሁለታችንንም በዱላ ያባርረን ነበር።»

ማኑቢያ ከወፏ ወደ ሽቦዎቹ ዞረች። ሽቦው የእሱ ነው፣ ቃሉም የእሱ ነው። ሁለቱን አብሮ ማቆየት አልተቻለም።

«አውጣቸው» አለችው። «አንዱን ግን ሳይሰበር ስጠኝ።»

«ቀዝቅዟል እኮ። ያረጀ ሽቦ ግሎ ሳይቀላ ከነኩት ይሰበራል።»

«እኔው አወጣዋለሁ።»

ሕፃን ከአልጋ እንደምታነሳ በሁለት እጇ ያዘችው። እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀሽ ብሎ እጇ ላይ ሦስት ቦታ ሆነ። ሹክሪ ፊቱን አዞረ። እሷ ግን ስብርባሪውን ትታ ባዶውን ቦይ ትመለከት ነበር። ሽቦው በጡቡ ላይ ጥላውን ጥሎ ሄዷል፤ ወደ ግራ ያዘነበሉ ጥቋቁር ሰረዞች፣ እስከ ጥግ ድረስ።

ሹክሪ ባለ መዘውር የብረት ዘንግ ጠረጴዛው ላይ አስሮ አዲሱን ሽቦ ሊጠመጥምበት መዘውሩን ያዘ።

«በግራ» አለችው።

«ኤሌክትሪክ ግራና ቀኝ አያውቅም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው አይቀየምም። ወዲያ በል።»

መዘውሩን በግራ እጇ ያዘችው። የመጀመሪያው ዙር ተንሻፈፈ፤ ሹክሪ ሳቁን በመዳፉ አፈነ። ሁለተኛውም ተንሻፈፈ። ከሦስተኛው በኋላ ግን ክንዷ ከትከሻዋ ላይ ቀለል አለ፣ የሌላ ሰው ክንድ የተዋሰች ይመስል። ሽቦው እየዘመረ ይጠመጠማል፤ የአበባው ሽታ ይገባል ይወጣል። አራተኛው ሽቦ ሲያልቅ የመጀመሪያውን መቼ እንደጨረሰች አታስታውስም ነበር።

አዲስ ሽቦ መከላከያ ቆዳ እስኪያወጣ ድረስ መጀመሪያ በባዶ ምድጃ መጋል አለበት። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ማብሪያውን ጫነችና ወንበሯን አስጠጋች። ከብዙ ሰዓት በኋላ በምድጃው መመልከቻ ቀዳዳ አየች፤ ውስጡ ምንም የለም፣ ፀሐይ የዋጠ ኩሬ የሚመስል ብርቱካናማ ብርሃን ብቻ። ድምፁም ተለውጧል። የተኛ ሰው ትንፋሽ አልነበረም። ቀጭን ነው፣ ንቁ ነው፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ለራሱ እንደሚያንጎራጉረው።

ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ቲጃኒ አልመጣም። ግራ ክንዷ ግን እስከ ክርኗ ያማታል፣ እሱ ሽቦ የጠመጠመ ዕለት ማታ ያመኛል እንደሚለው። እንድታሸው ክንዱን ይዘረጋላት ነበር።

ምድጃው እንደ ድሮው በዘጠኝ ሰዓት ውስጥ ሥራውን ጨረሰ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ከአሥራ አራቱ አምስት ሰዓት ተረፋት፣ ምን እንደምታደርግበት አላወቀችም። ክንዷን እያሸች ትንሽ ቆመችና ገና ያልተተኮሱ አዲስ ሸክላዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፤ ብሩሿን አርጥባም ወፏን እንደገና ከግራ ክንፏ ጀመረች።