ባጃጁ እስኪቆም

አምቡላንሱ ቡሹሎ መታጠፊያ ሲደርስ ቁስለኛው አልነበረም። የተገለበጠ ባጃጅ፣ የተበተነ ቲማቲምና አፈር የተነሰነሰበት ደም ብቻ አስፋልቱ ላይ ቀርቷል። ነርሷ ኑሪያ ደም የያዘ ሳጥን እንዳንጠለጠለች ወረደች።

«ወሰዱት» አሏት ቲማቲም የሚለቅሙ አንዲት እናት፣ ቀና ሳይሉ። «እናንተን ጠብቆ ማን ድኖ ያውቃል?»

አልተቀየመችም። ነርስ በሆነችባቸው ዘጠኝ ዓመታት አምቡላንስ ሬሳ አድራሽ ነው ሲባል ስትሰማ ኖራለች። ዛሬ ግን ሳጥኑ ውስጥ ለማንም ሰው የሚሆን ኦ ደም፣ ሁለት ከረጢት፣ በበረዶ ታቅፎ ተቀምጧል። ደም የሚፈሰውን ሰው ሆስፒታል እስኪደርስ ሳይጠብቁ ባለበት ደም መስጠት ይቻላል ብላ ሁለት ዓመት ደጅ ጠንታለች። ሙከራው ከተጀመረ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተጠርተው፣ ሦስቱንም ጊዜ የደረሱት ሰውየው ከተወሰደ በኋላ ነው።

የዛሬው ጭኑ ተቀጥቅጧል ተብላለች። እንዲህ ያለ ሰው ዕድሜው በደቂቃ ነው የሚቆጠረው። ለደወለላት ሰው መልሳ ደወለች። ባዬ ይባላል፤ ከቁስለኛው ጋር አንድ ተራ ላይ የሚሠራ የባጃጅ ሹፌር ነው።

«ከአምቡላንሱ ነኝ። የት ደረሳችሁ?»

«በውስጥ፣ በኮብልስቶኑ እየሄድን ነው። ጓደኛዬ ይነዳል፣ እኔ እስራኤልን አቅፌዋለሁ። በቀበቶ አስረነዋል፤ ደሙ አልቆመም።»

«ቁሙልኝ። ደም ይዣለሁ፤ እዚያው እሰጠዋለሁ።»



«እህቴ፣ ደምማ ሆስፒታል ስንደርስ ዘመድ አምጡ ነው የምትሉን። ዘመዱን ይዘን ነው የምንሄደው። ከኋላዬ አራት ባጃጅ ሙሉ ሰው አለ፤ ሁሉም ክንዱን ሊሰጥ ነው የተጫነው።»

«የእነሱ ደም ተመርምሮ እስኪደርስለት ሰዓታት ይፈጃል። እስራኤል ያን ያህል ጊዜ የለውም።»

«እና የሚሞት ሰው ታቅፌ መንገድ ላይ ልቁም? እናቱን ምን ልበላት?» ከዚያ ወደ ሹፌሩ ዞሮ «ንዳው አንተ፣ ምን ታየኛለህ» አለ። ስልኩ ተዘጋ።

አምቡላንሱን የሚነዱት ጋሽ ወንድሙ መኪናውን አዙረውት ነበር። በኮብልስቶኑ አራት ደቂቃ እንደከነፉ አራቱን ባጃጆች ደረሱባቸው። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ ቦይ ነው። ሳይረኑ ቢጮህም የሚለቅ ጠፋ። ደም ሊሰጡ የተጫኑት ሰዎች አንገታቸውን አውጥተው በእጃቸው «ቆዩ፣ ቆዩ» ይላሉ፤ ማንም እስራኤልን እንዳይቀድምበት መንገድ መጠበቃቸው ነው።

«ሬሳ ብንጭን ኖሮ ቆመው ያሳልፉን ነበር» አሉ ጋሽ ወንድሙ።

ኑሪያ ደግማ ደወለች፤ አልተነሳም። በሦስተኛው ባዬ አነሳ። ድምፁ ተለውጧል።

«እየቀዘቀዘ ነው። ውሃ፣ ውሃ ይላል።»

«ውሃ እንዳትሰጠው። ሆስፒታሉ ስንት ደቂቃ ይቀራችኋል?»

«አሥራ አምስት።»

«ሳይረኑን ትሰማለህ? እኔ ነኝ። ከቆምክልኝ በአንድ ደቂቃ እደርሳለሁ። አሥራ አምስቱን አይችለውም፣ ባዬ።»

 ከዚያ ራቅ ካለ ቦታ እንደሚመጣ ድምፅ፣ «አቁመው» ሲል ሰማችው።

በቆሙት ባጃጆች መካከል ሳጥኑን ይዛ ሮጠች። እስራኤል ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ከንፈሩ አመድ መስሏል። ጭኑን እንደገና ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። የክንዱ ደም ሥር ጠፍቷል። አንዴ ወጋች፣ ሳተች። ደግማ ወጋች፣ ሳተች። ሦስተኛው ገባ። ከረጢቱን ለባዬ ሰጥታ «ከፍ አድርገህ ያዝ» አለችው።

ደሙ መውረድ ጀመረ። እስራኤል ዓይኑን ገልጦ የሆነ ነገር ሊል ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ከረጢቱ ሲጋመስ ትርታው ከጣቷ ሥር ጠፋ።

ድንጋዩ ላይ አስተኝተው ከጋሽ ወንድሙ ጋር እየተፈራረቁ ደረቱን ተጫኑ። ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ሲል ሽማግሌው ሹፌር እጃቸውን አነሱ። ዙሪያውን የቆሙት ሰዎች እጅጌያቸውን እንደሰበሰቡ ናቸው።

«አንዱ ከረጢት ቀርቷል አይደል?» አለ ከመካከላቸው አንዱ። «እሱንም ስጪው እንጂ።»

«ልቡ ቆሟል፣ ወንድሜ። ከእንግዲህ ደሙን የሚያዞርለት የለም።»

ባዬ ግማሹን ከረጢት አሁንም ከፍ አድርጎ ይዞታል።

«መጀመሪያ ስትደውዪ ብቆም ኖሮስ?»

እንጃ ልትለው ትችል ነበር። ነገር ግን ከመጀመሪያው ጥሪ እስከቆመበት ድረስ ዘጠኝ ደቂቃ አልፏል፤ ስልኳ መዝግቦታል፤ የእሱም መዝግቦታል።

«ሳይተርፍ አይቀርም ነበር» አለችው።

ባዬ ይህን የጠበቀ ይመስል አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ ዓይን ዓይኗን እያየ፣

«አንቺ በእኔ ቦታ ብትሆኚ ትቆሚ ነበር?» አላት።

ኑሪያ በደም የራሰውን ጓንቷን ከእጇ አወጣች። ሰዎቹ ሁሉ መልሷን ይጠብቃሉ።

«አልቆምም ነበር» አለች።