በቀትር የታጠፈ ጨርቅ

ለወላጅ የሰጡት ነገር ዕዳ አይሆንም ይባላል። እውነት ነው፤ ካልቆጠሩት። የቆጠሩት ዕለት ግን ምን ሊመጣ እንደሚችል፣ ልጆቼ፣ በጅጅጋ ከተማ ኬሪያን የገጠማትን ስሙና ራሳችሁ ፍረዱ።

ኬሪያ የወሎ ልጅ ናት። ባሏ ጀዕፈር ሾፌር ነው፤ ከጅቡቲ ድንበር፣ ከደወሌ ዕቃ እየጫነ ስለሚመላለስ ቤቱ የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። እሷ ገበያው ውስጥ የሴት ልብስ ትሸጣለች፤ ሽቲ፣ ሻሽ፣ የትከሻ ልብስ። ሱቋ ከመጥበቧ የተነሳ ሁለት ደንበኛ ከገባ አንዷ ትንፋሿን መያዝ አለባት። ጨርቁን በዱቤ የሚሰጣት ጉሃድ የሚባል የጅምላ ነጋዴ ነው።

አንድ ረፋድ ጉሃድ ራሱ መጣ። ሌላ ጊዜ ሰው ነው የሚልክ፤ ራሱ ከመጣ ለደግ አይደለም።

«እስከ ዓርብ ታገሠኝ ብዬህ አልነበር?» አለችው ሳይቀመጥ።

«ለገንዘብ አልመጣሁም። አባትሽ በሰላም ገቡ ወይ ልልሽ ነው።»

«ከየት?»

«ከእኔ መጋዘን ነዋ። ትናንት ቀትር ላይ መጡ። ወንበር ብሰጣቸው አልቀመጥ አሉ። ‹በልጄ በኩል የበላሁት ገንዘብህ አለና አውፍ በለኝ› አሉኝ። ሽማግሌ ይቅር በለኝ ሲል ምን ይባላል? ለእርስዎ ለቅቄያለሁ አልኩ። እጄን ሳሙኝ፤ ወላሂ አፈርኩ።»

ኬሪያ ሳቀች። «ተሳስተሃል። የኔ አባት ከረመዳን ወዲህ ካልጋ አልወረደም። ለሽንት እንኳ ደግፈን የምናነሳው እኔና እናቴ ነን።»

ጉሃድ አልሳቀም። «አረንጓዴ ሽርጥ። ከዘራቸው መሃሉ ላይ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። ግራ ዓይናቸው ላይ ነጭ አለ። እኔ ሰው አልስትም፣ ዋላል፣ እህቴ። ሰው ብስት ኖሮ በዱቤ ነግጄ አላድርም ነበር።»

ኬሪያ ሱቋን ቆልፋ ወደ ቤት ሄደች። እናቷ ደጅ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

«እማዬ፣ አባዬ ትናንት ወጥቶ ነበር?»

«በምኑ? ክንፍ አብቅሎ?»

ገባች። አባቷ አቶ አብዱልመሊክ እንደወትሯቸው ተንጋለው ተኝተዋል። ከዘራው ከበሩ ኋላ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ብርድ ልብሱን ልታስተካክል ጎንበስ ስትል ግን አንድ ሽታ አፍንጫዋን መታት፤ ከላስቲክ ገና ያልወጣ የአዲስ ጣቃ ሽታ። እቤቷ ውስጥ ደግሞ ጣቃ የሚባል ነገር የለም። እንዲህ የሚሸተው የጉሃድ መጋዘን ብቻ ነው።

አባቷና እናቷ ጅጅጋ የመጡት ጦርነቱ ወሎ የደረሰ ጊዜ ነው። ኬሪያ ናት የመኪና ልካ ያስመጣቻቸው። ለእነሱ ብላ በብድር ሲሚንቶ አንድ ክፍል ቀጠለች፤ ሲሚንቶው ለመሃል ግድግዳው ስላልበቃ በቺፑድ ከፈለችው። ከዚያ የአባቷ ሕመም መጣ። እቁቧን ቀድማ ወሰደችና ለሐኪም አዋለችው፤ የተበላ እቁብ ደግሞ ሲከፍሉት እንዴት እንደሚመር የበላው ያውቃል። ልጆቼ፣ ይህንን ሁሉ በደስታ ነው ያደረገችው። አንድም ቀን ፊቷን አላጠቆረችም። እስከዚያ ጠዋት ድረስ።

ያን ጠዋት ጀዕፈር ከመንገድ ገብቶ፣ ሱብሂ ሰግደው ሻይ ይጠጣሉ። ስለ ዕዳው ተነሳ። ጀዕፈር ምንም ክፉ አልተናገረም፤ «እንዴት እንወጣው ይሆን?» ነው ያለው። ኬሪያ ናት የፈነዳችው።

«አባዬ ባይኖር ኖሮ ይሄኔ ወጥተን ነበር።»

ይህን ብላ ዝም ብትል ደግ። ጣቷን እያጠፈች ቆጠረችው፤ የመድኃኒቱን፣ የወተቱን፣ የባጃጁን፣ የሐኪሙን። ከቺፑዱ ወዲያ የአባቷ ሙስበሃ፣ የጸሎት መቁጠሪያቸው፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይል ነበር፤ ሁልጊዜ ከሱብሂ በኋላ ዚክር ያደርጋሉ። እሷ ቆጥራ ስትጨርስ ሙስበሃው ዝም ብሏል። ጀዕፈር አያት፤ እሷም አየችው። ሻዩን ማንም አልጨረሰውም።

የጉሃድ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጉሃድ በመጣ ማግስት ወተት የምታመላልስላቸው ዐያን መጣች። ዐያን ከሐርተሼክ በኩል የግመል ወተት የምታመጣ ሴት ናት፤ አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው።

«አዴር ትናንት እኔ ጋ መጣ» አለች ጀሪካኗን እያወረደች። አዴር የምትለው የኬሪያን አባት ነው፤ አጎት እንደማለት። «የወተት ዕዳ አውፍ በይኝ አለ። እኔ ለቀቅኩት። አንቺ ግን ውሸታም ነሽ።»

«ምን ዋሸሁ?»

«‹አባቴ ሶማልኛ አይችልም› አላልሽም? እንደ ሐርተሼክ ሽማግሌ ነው የሚያወራ። እናቴን ራሱ አስለቀሳት።»

አባቷ ይህን ሁሉ ጊዜ ጅጅጋ ኖረው ከሰላምታ በቀር የሶማልኛ ቃል አያውቁም። ኬሪያ ወተቱን ስትቀበል ግማሹ ደጁ ላይ ፈሰሰ።

ለአባቷ መድኃኒት ልትገዛ ሄደች። መድኃኒት ቤት የምትሠራው መክሊት ከአዲስ አበባ ለሥራ የመጣች ልጅ ናት፤ ከራሷ ደሞዝ እየሞላች ስንት ጊዜ አሳልፋታለች።

«ኬሪያዬ፣ አባባ መራመድ ሲጀምሩ አትነግሪኝም?» አለቻት በፈገግታ። «አውፍ በይኝ አሉኝ። እኔ የመድኃኒት ስም መስሎኝ፣ ‹አልቋል አባባ፣ ሰኞ ይገባል› አልኳቸው። ዘበኛው ነው ያስረዳኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለን ብላቸው፣ ‹አይ፣ አንቺ በይ› አሉ። እኔም ይቅር ብያለሁ ስል ነው የወጡት።»

«ወዴት እሄዳለሁ አሉሽ?»

«‹ልጄ ብቻ ቀረችኝ፤ እሷ መጨረሻ ናት› አሉኝ። ምነው፣ አመመሽ እንዴ?»

ኬሪያ ማታውን ለእናቷ ሁሉን ነገረቻቸው። እናቷ አልደነገጡም። ሻሻቸውን ፈትተው እንደገና አሰሩ።

«ዙረት ወጥቷል» አሉ። «አያቴም እንዲሁ ነበሩ። ሊሄድ የተነሳ ሰው የሰው ገንዘብ ታቅፎ አይሄድም። እግሩ እምቢ ሲለው ነፍሱ ትዞርለታለች። አንቺም ጋ ይመጣል።»

«ሲመጣስ?»

«አውፍ ብየሃለሁ ትይዋለሽ። ያርፋል።»

«ያርፋል ማለት...»

«ያርፋል ማለት ያርፋል ነው።»

«ካላልኩትስ?»

«ይቆያል። መቆየት ሁሉ ግን መኖር አይደለም፣ ልጄ።»

ኬሪያ ከዚህ ሁሉ ንግግር የያዘችው «ይቆያል» የምትለዋን ብቻ ነበር።

ጅጅጋ በቀትር ሌላ አገር ናት። ጫት የገባ ጊዜ ገበያው ይፈታል፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ነፋሱ ብቻ ባዶ ላስቲክ እየነዳ በመንገዱ ይመላለሳል። ኬሪያ በዚያ ሰዓት ሱቋ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣለች። የተሰቀሉት ልብሶች ቀስ ብለው ወደ በሩ ዘነበሉ፤ ሰው ሲገባ ዘወር ብሎ እንደሚያይ ሰው። ቀና ስትል አባቷ ደጁ ላይ ቆመዋል። ቀጥ ብለው፣ ድሮ ባቲ ገበያ ጨርቅ ሲሸጡ እንደሚቆሙት።

«ግባ፣ አባዬ።»

«አልገባም። ባለዕዳ ደጅ ነው የሚቆም።»

«አንተ የምን ዕዳ አለብህ? አባቴ አይደለህ?»

«አባትሽ ነኝ። ግን ቆጠርሽው። የተቆጠረ ነገር ዕዳ ነው።»

«ተናድጄ ነው እኮ። ሰው ሲናደድ...»

«አልተቀየምኩም። ብቻ አውፍ በይኝና ልሂድ። ደክሞኛል፣ ኬሪያ።»

ቃሉ ምላሷ ላይ ደረሰ። ካለችው አባት የላትም። ይህን ሁሉ ዓመት ጀርባዋ የጎበጠው እሳቸውን ተሸክሞ ነው፤ ሸክሙ ሲወርድ የጎበጠው ጀርባ ምን ይሆናል? ያንን ያህል ዕዳ የገባችው እንዳይሞቱ አይደል?

«አልልም» አለች። «ዕዳህን ሳትከፍል የትም አትሄድም።»

አባቷ ዋጋ እንደተነገረው ነጋዴ ትንሽ አሰቡ።

«ደግ» አሉ። «ብር የለኝም። እጅ አለኝ።»

ከዚያ ደጁ ባዶ ሆነ። ነፋሱ ላስቲኩን ይዞ ተመለሰ።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ አባቷ እህል እምቢ አሉ። አይተኙም፤ ዓይናቸውን ጣራው ላይ ተክለው ይውላሉ። ሙስበሃው በጣታቸው እንደተጠመጠመ ነው፤ አንዲት ፍሬ አይንቀሳቀስም። እናቷ ከንፈራቸውን በጥጥ ያርሳሉ። ትንፋሻቸው ግን አለ፤ ይወጣል፣ ይገባል።

ኬሪያ ቀትር ቀትር ሱቋን እየቆለፈች ልታያቸው ትሄዳለች። የመጀመሪያው ቀን ከአስር ሶላት በኋላ ስትመለስ ቁልፉ እንዳለ ነው። ደንበኞች አገላብጠው የተውት ጨርቅ ግን ሁሉ ታጥፎ ተደርድሯል። ጠርዙ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ አንዷ ጫፍ ብቻ እንደ ምላስ ወጥታለች፣ ሻጭ በሁለት ጣት ስቦ እንዲያወጣት። እንዲህ የሚያጥፍ ሰው ኬሪያ አንድ ነው የምታውቀው። በልጅነቷ ባቲ ላይ፣ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሊያስተምራት ሞክሮ እጇ እምቢ ያላት።

ልጆቼ፣ መፍራት ነበረባት። እሷ ግን ደስ አላት። አለ ማለት ነው አለች።

ገበያዋም ቀና። ሴቶቹ የታጠፈውን አይተው ይገባሉ፤ አንዷን ምላስ ሳብ ያደርጋሉ፣ ይገዛሉ። ለጉሃድ ዓርብ ያለችውን ዓርብ ከፈለች። የእቁቡንም ወርወር አደረገች። ጉሃድ፣ «ሠራተኛ ቀጠርሽ እንዴ?» ብሎ ቀለደባት፤ እሷም «ቀጠርኩ» ብላ ሳቀች።

እቤት ግን እናቷ ማታ ማታ የአባቷን እጅ ሲያጥቡ ውሃው ቀለም ያወጣ ጀመር። አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን ቢጫ። በጥፍራቸው ሥር ቃጫ ይገኛል። ጣታቸው እየተሰነጠቀ፣ ክንዳቸው እየቀጠነ ሄደ።

አንድ ምሽት እናቷ ሳህኑን ይዘው መጡ።

«ዛሬ ቀይ ነው።»

«የጨርቅ ቀለም ነው፣ እማዬ።»

«ቀይ ጨርቅ አለሽ?»

ኬሪያ አሰበች። ቀይ ካለቀ ቆይቷል። እናቷ መልሷን አልጠበቁም፤ ውሃውን ከበሩ ውጭ ደፍተው ተመለሱ።

በማግስቱ ቀትር ሱቋን ቆልፋ አልሄደችም። ከኋላ ዞራ ቆርቆሮው ላይ ጆሮዋን ለጠፈች። ውስጥ ጨርቅ ሲራገፍ ይሰማል፤ ፉፍ ይላል፣ ያርፋል። በመካከሉ፣ «እህ...» የሚል የደከመ የሽማግሌ ድምፅ። ቦንዳ ሲያነሱ የሚያሰሙት ድምፅ ነው። ከዚያ ፉፍ። ከዚያ ደግሞ «እህ...»

በሩን ከፈተችው። ማንም የለም። ለወንበሩ ቅርብ ያለው ነጭ ሻሽ ገና ግማሹ ነው የታጠፈው። በወጣችው ምላስ ላይ የጣት አሻራ አለ፤ ቀይ፣ እርጥብ።

ሱቋን እንደተከፈተ ጥላው ሮጠች። ጀዕፈር ከመንገድ ገብቶ ደጅ ላይ እግሩን ይታጠባል።

«ሱቁ ጋ ማን አለ?» አላት።

«አባዬ» ብላው ገባች።

አልጋው አጠገብ ተንበረከከች። «አባዬ፣ አውፍ ብዬሃለሁ» አለች በጆሯቸው። ዓይናቸው ከጣራው አልተነቀለም። ደገመችው። ምንም የለም።

«በጅምላ አልነበረም የቆጠርሽው» አሉ እናቷ ከኋላዋ።

ኬሪያ ገባት። ጣቷን ዘረጋች፤ ያኔ ያጠፈቻቸውን ጣቶች አንድ በአንድ።

«የመድኃኒቱን አውፍ ብዬሃለሁ።»

ቀጭ። የሙስበሃው አንድ ፍሬ ወረደ።

«የወተቱን።»

ቀጭ።

«የባጃጁን። የሐኪሙን።» እያለቀሰች ቀጠለች፤ የሲሚንቶውን፣ ያልቆጠረችውንም ጭምር፣ ከወሎ ያመጣቸውን መኪና ሳይቀር። ፍሬው እየወረደ፣ እየወረደ ሄደ። የምትለው ሲያልቅባት፣ «ያን ቃሌን ደግሞ አንተ አውፍ በለኝ» አለች።

አባቷ ዓይናቸውን ከጣራው አውርደው አዩዋት። ከንፈራቸው ደርቋል።

«ድሮ» አሉ።

ለአስር ሶላት አዛን ሲል አርፈዋል።

መቃብሩ ላይ ሼሁ፣ «ከሟች ገንዘብ አለኝ የሚል ካለ ይናገር፤ ካልሆነም አውፍ ይበል» ብለው ጠየቁ። ከሕዝቡ መካከል ጉሃድ፣ «ለኔ ቀድመው መጥተውልኛል» አለ። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ኬሪያ ሱቅ ብቅ ብሎ ጎሮሮውን ጠራረገ።

«የለቀቅኩት የሳቸውን ነው። ያንቺን አላልኩም።»

«አውቃለሁ» አለች። «ዓርብ።»

እስከ ዛሬ ዓርብ ዓርብ ትከፍላለች። ጨርቁን አሁን የምታጥፈው ራሷ ናት፤ የጨርቁ ምላስ አንዳንዴ ትጣመምባታለች። ያን ነጭ ሻሽ ግን ግማሹ እንደታጠፈ ከላይ መደርደሪያው ላይ አስቀምጣዋለች። ደንበኛ ስትጠይቃት፣ «ሥራው አላለቀም» ትላለች።

እናቷ ከቺፑዱ ወዲያ አሉ። የአባቷን ሙስበሃ የያዙት እሳቸው ናቸው፤ አሁን ደግሞ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

በቀደም ጀዕፈር ሱብሂ ሰግዶ፣ ሻዩን እያማሰለ፣ «የእናትሽ መርፌ በወር ስንት...» ሲል ኬሪያ እጇን አፉ ላይ ጫነችው። ሁለቱም ወደ ግድግዳው ዞሩ። ዝም ነው። ሻዩ ይበርዳል፤ እነሱ ትንፋሻቸውን ይዘው ያዳምጣሉ።

ቆይቶ፣ ቆይቶ ከወዲያ በኩል ቀጭ አለ።

ኬሪያ እጇን ካፉ ላይ ያነሳችው ሁለተኛውን ስትሰማ ነው።