ካሮቱ ላይ ሊተከል የነበረው ድንኳን

እኛ ሰፈር ያለው ባዶ መሬት አንድ ነው፤ እሱም የሟች ነው። የካ ዳገቱ ላይ፣ ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው በቆሙበት መሃል፣ የዕድራችን ድንኳን የሚተከልበት ጠፍጣፋ ሜዳ አለ። ሰው ሲሞት ድንኳን ይቆምበታል፣ ይለቀስበታል፤ ድንኳኑ ሲነሣ ደግሞ እስከሚቀጥለው ሟች ድረስ ቆሻሻ ይጣልበታል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በራፌ ላይ ቆሜ ያንን ሜዳ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የሚከበረው ሰው ሲሞት ብቻ የሆነ መሬት ምን ዓይነት መሬት ነው?

ጥር ላይ በዕድሩ ስብሰባ እጄን አወጣሁ። "በልጉ ሊገባ ነው፤ ሜዳውን ልቆፍረውና ጎመን ልትከልበት" አልኩ። ሰው ሁሉ እንደ መርዶ ነጋሪ አየኝ። የዕድሩ ዳኛ አቶ ፍሥሐ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ነገር ሲያስቡ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ጠርገው ጠርገው ሲያበቁ፣

"ይትከሉ፣ ወይዘሮ ወርቅአየሁ" አሉኝ። "ግን ሰው የሞተ ቀን ድንኳኑ ይተከላል። 'ጎመኔ እስኪደርስ ጠብቁኝ' የሚባል ነገር የለም።"

"እኔስ መቼ ከሞት ጋር ተከራከርኩ!" አልኩ። ተሳቀ፤ ተፈቀደ።

ስንት ዓመት የለቀስተኛ እግር የጠቀጠቀው መሬት ግን ዶማ ይመልሳል። አብራኝ የቆፈረችው ጎረቤቴ ሁሪያ ናት። ከስልጤ መጥታ እኛ ሰፈር ሱቅ ከከፈተች ቆይታለች፤ እጇ ፈጣን ነው፣ ምላሷ ደግሞ ከእጇ ይፈጥናል። ያን ሰሞን እሷ በረመዳን እኔ በሁዳዴ ሁለታችንም ሆዳችን ባዶ ነበር፤ ያም ሆኖ ዶማውን እየተቀባበልን ሜዳውን ገለበጥነው። የዛገ ካስማ አወጣን፣ የጠርሙስ ክዳን አወጣን፣ የዕድሩን የሻይ ማንኪያ ሳይቀር አወጣን። እንጦጦ ፈረስ ከሚያከራዩት ልጆች ዘንድ ወጥቼ አንድ ጆንያ ፍግ ለምኜ መጣሁ።

"እትዬ ወርቄ፣ ሽቶ ቀየርሽ እንዴ?" አለችኝ ሁሪያ አፍንጫዋን ይዛ።

የካቲት ሊወጣ ሲል ዝናቡ ጣል ጣል ማለት ጀመረ። በአንዱ መደብ የጎመን ችግኝ ተከልን፣ በአንዱ ቆስጣ ዘራን፣ በመንገዱ በኩል ባለው ሰፊው መደብ ደግሞ ካሮት።

ከሜዳው ፊት ለፊት ያለው ቤት የጋሽ ሠረቀብርሃን ነው። ጋሽ ሠረቀብርሃን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመንግሥት ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ነበሩ። ያረፈደ ተማሪ ሁሉ እሳቸውን ከበሩ ላይ ሲያይ አጥር ይዘል ነበር። የሰፈራችን ጎልማሳ ግማሹ የእሳቸውን አለንጋ ቀምሷል፤ ዛሬም ቢሆን ሸሚዙን ሳያስተካክል በመስኮታቸው ሥር አያልፍም። ባለቤታቸው ባለፈው ዓመት ሞቱ። ከዚያ ወዲህ እኚያ ሰው በየቀኑ እያነሱ ሄዱ። ሐኪም መረመራቸው፤ የሚገድል በሽታ አላገኘባቸውም። ችግሩ እህል አለመቅመሳቸው ነው። ጾም ሲሆን "ጾም ነው" ይላሉ፤ ጾም ሲፈታ "አልራበኝም" ይላሉ። የንስሐ አባታቸው "እርስዎ ታማሚ ነዎት፣ አይጹሙ" ቢሏቸውም፣ እሳቸው እቴ! አንድ ልጃቸው አምሃ ድሬዳዋ ነው የሚሠራው፤ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ናቸው።

ካሮቱን የዘራን ቀን መስኮታቸውን ከፈቱ።

"አንቺ ወርቄ።"

"አቤት ጋሼ።"

"ለማን ብለሽ ነው የምትለፊው? ፋሲካ ሳይደርስ የእኔ ድንኳን ነው እዚያ ላይ የሚተከለው።"

ቀልድ መስሎኝ ቀና አልኩ። ቀልድ አልነበረም። የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት እንደሚናገር ሰው ነው የነገሩኝ። ንዴት ከእግር ጥፍሬ ተነሥቶ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ።

"ካሮት የሚደርሰው በሦስት ወር ነው!" ብዬ ጮህኩ። "እስከዚያ መሞት ክልክል ነው!"

"ማነው የሚከለክለኝ?"

"እኔ ነኛ!"

መስኮቱን ዘጉት።

ለሁሪያ ስነግራት "በሽተኛ ላይ ትጮሂያለሽ እንዴ?" ብላ የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ትንሽ አሰበችና "እንግዲያው እንመግባቸዋ" አለች።

ከማግሥቱ ጀምሮ ጋሽ ሠረቀብርሃን ሰላም አጡ። ጠዋት እኔ አጥሚት ይዤ እገባለሁ፤ ከሰዓት ሁሪያ፣ ራሷ ሳትቀምሰው ጨውን በግምት የጨመረችበትን የምስር ሾርባ ይዛ ትገባለች። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ያሳሰበኝ ካሮቱ ነው። እሳቸውም ያውቁታል።

"ለእኔ አዝነሽ ነው ወይስ ለካሮትሽ?"

"ለካሮቴ።"

"ጥሩ። ውሸታም አልወድም" ይሉና ለይሉኝታ ያህል ከንፈራቸውን አርሰው ሳህኑን ይመልሱልኛል። ብለምን፣ ብቆጣ፣ ባኮርፍ ወይ ፍንክች! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ዩኒት ሊደርም ይጨመርበት።

ቡቃያው ብቅ ሲል ግን አልጋቸውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አገኘኋቸው። መጀመሪያ በነገር ነው የጀመሩት። "ጎመንሽ ሰልፍ አያውቅም፤ መስመሩ ጠማማ ነው" አሉኝ። ካሮቱን ሳሳሳ ደግሞ "ምን በደለሽና ትነቅይዋለሽ?" ብለው ተቆጡ። ከተጨናነቀ አንዱም እንደማያድግ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልክ ነው። ሰማንያ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ሲታጎርም እንደዚያው ነው" አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቁፋሮዬን የሚያዘኝ አለቃ አገኘሁ። ሲያዙኝ እናደዳለሁ፣ ዝም ሲሉ ደግሞ ይጨንቀኛል። ሳላውቀው ነገሩ ተገላብጦ፣ ጠዋት ስወጣ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መደቡ ሳይሆን ወደ መስኮቱ ሆነ። ወደድኳቸው፣ በቃ። የሚበሉት ነገር ግን አልጨመረም።

ሆሳዕና ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ጎመኑና ቆስጣው ደርሶ ካሮቱ ገና ቀጭን ሳለ፣ አንድ ጠዋት መስኮቱ ሳይከፈት ቀረ። አጥሚቱን ይዤ አንኳኳሁ፤ መልስ የለም። ትርፉ ቁልፍ ሁሪያ ዘንድ ነበርና ከፍተን ገባን። ጋሽ ሠረቀብርሃን ከአልጋቸው ሥር ተዘርረዋል። ይተነፍሳሉ፤ ግን ቢጠሯቸው አይሰሙም። ሁሪያ ሮጣ ሚኒባስ አስቆመች፤ በጋቢያቸው ጠቅልለን ከረዳቱ ጋር ተሸክመን አወጣናቸው።

ያን ጊዜ ምን እንደነካኝ እንጃ። እጃቸው ከጋቢው ሾልኮ ሲንጠለጠል አየሁና አፌን ከፈትኩ። "ወይኔ ጋሽ ሠረቀ! ወይኔ አባቴ! ጥለውን ሄዱ!" ደረቴን መታሁ፤ ነጠላዬ መሬት ወደቀ። ስለ ካሮት ያሰብኩት ነገር አልነበረም። ሁሪያ "እትዬ ወርቄ፣ ሰውየው በሕይወት አሉ፣ ዝም በይ!" ብላ ጎተተችኝ፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የዕድራችን ጡሩምባ ነፊ ተሾመ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መንገዱ ላይ ቆሞ ያየን ነበር። ሰው በጋቢ ተጠቅልሎ ሲወጣ አየ፣ እኔ ደረቴን ስመታ አየ። ሌላ ምን ምስክር ይፈልጋል?

ጤና ጣቢያ ግሉኮስ ሰቀሉላቸው። "በሽታቸው ረሃብ ነው" አለችን ነርሷ በቁጣ። "ካልበሉ ይደገማል። ሁልጊዜ ደግሞ በጊዜ አትደርሱም።" ግሉኮሱ እየወረደ ሲሄድ ዓይናቸውን ገለጡ፤ ከሰዓት በኋላ በእኔና በሁሪያ ትከሻ ተደግፈው ወጡ። ሁለታችንም በድንጋጤ ስልካችንን ቤት ትተን ነበርና ሰፈር ውስጥ የሚሆነውን አናውቅም። በሚኒባስ ስንመለስ ጋሽ ሠረቀብርሃን የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ለምን አልተዋችሁኝም?"

እኔ፣ ምላሰኛዋ፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከልኩ። ሁሪያም ወደ ውጭ ዞረች። ድነዋል ብዬ የተደሰትኩት ደስታ ሁሉ ከላዬ ላይ ተገፈፈ፤ መብላት ያልፈለገን ሰው በግሉኮስ እስከ መቼ ያቆዩታል?

ዳገቱን ወጥተን ስንታጠፍ ድንኳኑን አየሁት።

ግማሹ ቆሟል። ሜዳው በሰው ተሞልቷል፤ ሴቶቹ ጥቁር ለብሰዋል፤ የዕድሩ ትልቅ ድስት ተጥዷል። ጎመኑና ቆስጣው እንዳይባክን ብለው ቆርጠው ለለቀስተኛው ወጥ ከምረውታል። አቶ ፍሥሐ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ተሾመ ከጎረምሶች ጋር ትልቁን ምሰሶ ተሸክሞ ወደ ካሮቱ መደብ እየገባ ነው።

የሚኒባሱ በር ተከፈተና ጋሽ ሠረቀብርሃን ወረዱ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! አንዷ አማተበችና ቁጭ አለች። ሌላዋ የጀመረችውን ለቅሶ መሃል ላይ አቆመችው። እኔ "ጋሼ፣ በእኔ ጩኸት ነው፣ ይቅር ይበሉኝ" ልል አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ። ከዚያ ከደቀቀ ደረት ያ ድምፅ ከየት እንደወጣ ዛሬም ይገርመኛል።

"ተሾመ! ከካሮቱ ላይ ውረድ!"

ተሾመ ዘለለ። የልጅ ልጅ ያየ ሰው ነው፤ ምሰሶውን ጥሎ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ገና ጣት እንዳላከለ አይታይህም? ማነው ግባ ያለህ?"

"ጋሼ... እርስዎ ሞተዋል ተብሎ..."

"ብሞትስ? ካሮት ይረገጣል?"

መጀመሪያ የሳቀችው ሁሪያ ናት። ከዚያ ሜዳው በሙሉ ሳቀ፤ ጥቁር የለበሱት ሴቶች ሆዳቸውን ይዘው እርስ በርስ ተደጋገፉ። እኔ ብቻ መሳቅ አቃተኝ። መንገዱ ዳር ተቀምጬ ከጠዋቱ የባሰ አለቀስኩ። "ለምን አልተዋችሁኝም" ያሉት ሰውዬ ለካሮት ሲቆጡ መስማት እንዲህ ያስለቅሳል ብሎ የነገረኝ የለም።

አቶ ፍሥሐ ጠጋ ብለው "ጋሼ፣ ደንቡ ድንኳን እዚህ ይተከል ይላል..." ሲሉ አላስጨረሷቸውም። "የእኔን መንገዱ ላይ ትተክሉታላችሁ። መኪናው ይዙር።"

ድስቱ ግን ተጥዷል፤ የተሠራ እህል ደግሞ አይደፋም። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይሉ የለ? ሟቹን ራሳቸውን በለቅሷቸው ድንኳን ውስጥ ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። ጎመኑ በሽንኩርትና በዘይት ተሠርቶ፣ በእንጀራ ላይ ፊታቸው ቀረበ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ዙሪያውን አዩ። የዳቦ ጆንያ ተሸክማ የመጣችውን ጎረቤት አዩ፣ ከሥራ አስፈቅደው የመጡትን የድሮ ተማሪዎቻቸውን አዩ፣ ዓይኑ ያበጠውን ተሾመን አዩ።

"ይሄ ሁሉ ሰው ለእኔ ነው?" አሉኝ ቀስ ብለው።

"ለማን መስሎዎት ነው?" አልኳቸው። "ለካሮቱ?"

ይህን ጊዜ የአቶ ፍሥሐ ስልክ ጮኸ። የደወለው አምሃ ነው። ጠዋት እንደ አገሩ ወግ "አባትህ ትንሽ አሟቸዋልና ቶሎ ና" ብለውት ነበር፤ ይህን ቃል የሰማ ልጅ ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ከድሬዳዋ ተነሥቶ ግማሽ መንገድ መጥቷል። ድምፁ ለሁላችንም ይሰማል፦ "አቶ ፍሥሐ፣ በእግዚአብሔር፣ አትደብቁኝ! እውነቱን ንገሩኝ!" አቶ ፍሥሐ ስልኩን ለጋሽ ሠረቀብርሃን ሰጡ።

እሳቸው በግራ እጃቸው ተቀበሉት። ቀኝ እጃቸው ጎመኑን ጠቅልሎ ሊያነሣ ነበር።

"አምሃ።"

በዚያኛው ጫፍ "አባዬ?" የሚል፣ ከዚያም የትልቅ ሰው ልቅሶ ተሰማ።

"እኔ ነኝ። አታልቅስ" አሉት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ አፋቸው ግን በመጀመሪያው ጉርሻ ሞልቷል። አላምጠው ዋጡና ወደ እንጀራው እያዩ "ና ብቻ፣ ቀስ ብለህ ና" አሉት። "አሁን ግን ቆየኝ፤ እየበላሁ ነው።"