ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ

«እንዳትቀበዪው! የሱን ገንዘብ እንዳትቀበዪው!»

እትዬ በቀለች ገንዘብ ተቀባይዋን በጀርመንኛ ካስጠነቀቁ በኋላ፣ የአበጀን እጅ ከነቦርሳው ጭምቅ አድርገው ይዘው ወደ አማርኛ ተመለሱ። «በሞቴ! አፈር ስሆን! ዛሬ አንተ አትከፍልም።»

«እትዬ፣ ዛሬን ብቻ ይተዉኝ፤ እግርዎ ላይ ልውደቅ።»

«አልተውህም! ያን ሁሉ ጊዜ ሆስፒታል ተኝተህ አንድ ቀን እንኳ መጥቼ አልጠየቅሁህም። ሎሚ መግዛት ደግሞ ይብዛብኝ?»

አበጀ ቪዲኮን በሚባለው የድሮ ሰፈሩ ካለው ከዚህ ሱቅ የሚፈልገው ሎሚ ብቻ ነበር። ግን ሎሚውን በገዛ እጁ፣ ያለ ማንም እርዳታ መግዛት አለበት። የሌላ ሰው እጅ ከገባበት ፈተናው ይበላሻል።

አበጀ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ከሁለት ክረምት በፊት ጎህ ሳይቀድ ወደ ሥራ ሲሄድ፣ በረዶ ላይ ከብስክሌቱ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ። ቁስሉ ዳነ ሲባል ሌላ ጣጣ መጣ፤ የማትታይ ሴት ድምፅ ይሰማው ጀመር። «ይከታተሉሃል፤ የምታደርገውን ሁሉ ይጽፋሉ» ትለዋለች። እሱም አመናት። መጋረጃውን ዘግቶ ከረመ፤ ስልኩን ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ መደበቅ ደረሰ። ሐኪሞቹ ጭንቅላቱ የተጎዳ ሰው አልፎ አልፎ እንዲህ እንደሚሆን አስረድተው መድኃኒት ሰጡት፤ እህቱ የሻረግ ደግሞ ጄኔቫ ከተማ፣ ኦኔ በሚባል ሰፈር ያለው ቤቷ ወስዳ አስታመመችው። አሁን ሴትዮዋ ከስንት አንዴ ነው የምትመጣው።

የቀረው አእምሮው ማቀድ፣ ማስታወስና ራሱን መግታት መቻሉን ማወቅ ነበር። ሳይኮሎጂስቷ ፍራው (ወይዘሮ) ኬለር ቢሮ ውስጥ በወረቀት የፈተነችውን በደንብ አልፏል። እሷ ግን «ወረቀት ላይ ጎበዝ ሆኖ ገበያ መሃል የሚጠፋ ብዙ ነው» ብላ መንገድ ላይ አወጣችው። ሎሚ፣ ቴምብርና የልደት ካርድ ይገዛል። ቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜ መቼ እንደሚከፈት ያጣራል። ከዚያ ትራም ፌርማታው ላይ ይጠብቃታል። «ከማንም እርዳታ አትቀበል። እኔንም አታናግረኝ። ከኋላ ከኋላህ እየመጣሁ የምታደርገውን እጽፋለሁ» አለችው። ካለፈ ወደ ምድጃው ይመለሳል። ከወደቀ ደግሞ ያው የእህቱ ሶፋ ነው።

ታዲያ እትዬ በቀለችን የሚያህል እንቅፋት ይገጥመኛል ብሎ ማን ያስባል? ከሆስፒታል ወጥ ቤት ጡረታ ከወጡ ወዲህ ገበያው ሁሉ የሳቸው ነው።

«እትዬ፣ እውነቴን ነው፤ ፈተና ላይ ነኝ።»

«ሱቅ ውስጥ የምን ፈተና ነው?»

«የጭንቅላት። ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ እየተከታተለችኝ ነው። የማደርገውን ሁሉ ትጽፋለች።»

የተናገረውን ነገር ራሱም የሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። የእትዬ በቀለች ፊት ክው አለ። ዞር ብለው ቢያዩ፣ ፍራው ኬለር ድንች መደርደሪያው ጋ ጀርባዋን ሰጥታ ድንች የምትመርጥ መስላለች።

«እሺ የኔ ልጅ» አሉ፣ ሕፃን በሚያባብል ድምፅ። «ትጻፍ፤ ምን ቸገረን? የሻረግን ልጥራልህ?» ስልካቸውንም አወጡ።

ይሄኔ ያቺ የማትታየዋ ሴት በጆሮው መጣች። «አየህ? እየጻፈችብህ ነው።»

አበጀ ሳቁ አመለጠው። ከወደቀ ወዲህ እንዲህ ስቆ አያውቅም፤ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እትዬ በቀለች ይበልጥ ደነገጡ፤ ከኋላ የተሰለፈው ሕዝብም ማጉረምረም ጀመረ። የሻረግ ከተደወለላት የመጀመሪያውን ባቡር ይዛ እንደምትመጣ ያውቃል። እንባውን ጠረገና ረጋ ብሎ አሰበ።

«እትዬ፣ ይስሙኝ። የሎሚውን እኔ ልክፈል። እርስዎ ማዕዘኑ ላይ ካለው ካፌ ይጠብቁኝ፤ ኬክ ይጋብዙኛል። ሴትዮዋን ይዣት መጥቼ አስተዋውቅዎታለሁ። ከቀረሁ ያን ጊዜ ለየሻረግ ይደውሉ።»

«ኬኩን ያለ ክርክር?»

«ያለ ክርክር።»

«ማል!»

«እትዬ በቀለች ይሙቱ!»

እጁን ለቀቁት። የሎሚውን ከፈለ፣ ቴምብሩንና ካርዱን ገዛ፣ የቤተ መጻሕፍቱን ሰዓት በር ላይ አንብቦ ትራም ፌርማታው ላይ ቁጭ አለ። ፍራው ኬለር መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አሁን ማውራት ይቻላል። ሴትዮዋ ሊቀሙህ መስሎኝ ጣልቃ ልገባ ነበር። በምን ተጣላችሁ?»

«በክፍያ ነው።»

«አንከፍልም ብላችሁ?»

«ሁለታችንም እኔ ልክፈል ብለን።»

ፍራው ኬለር በትክክል የሰማች አልመሰላትም። «እስቲ ድገምልኝ» አለች። ሲደግምላትም ራሷን እየነቀነቀች ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ ጠየቀችው፤ «ድምፁስ? ዛሬ መጥቶ ነበር?»

የአበጀ ደስታ ቀዝቀዝ አለ። «የለም» ቢላት ማንም አያውቅበትም። የገዛ ቤቱ፣ ምድጃው፣ የማለዳው ዳቦ ሽታ ሁሉ ከዚያች ቃል ማዶ ናቸው። ሎሚዎቹን አገላበጠ።

«መጥታ ነበር።»

«ምን አለችህ?»

«‹እየጻፈችብህ ነው› አለችኝ።»

የፍራው ኬለር እስክሪብቶ ቆመ። «አንተስ?»

«‹እውነትሽን ነው› አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ነበረች። ከዚያ የሎሚዬን ከፈልኩ።»

ፍራው ኬለር ትራም የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ሳቀች። ሳቋ ጋብ ሲል «ብትደብቀኝ ኖሮ ብቻህን ምድጃ አጠገብ ልልክህ እፈራ ነበር» አለችው። «ለዳቦ ቤቱ ይመለስ ብዬ እጽፋለሁ። በግማሽ ቀን ትጀምራለህ።»

አበጀ አንዱን ሎሚ አንስቶ እጇ ላይ አስቀመጠላት።

ካፌው ውስጥ እትዬ በቀለች ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው በሩን በሩን ያያሉ።

«እትዬ፣ ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ ይህቺ ናት።»

ብድግ አሉ። ፍራው ኬለርን ከላይ እስከ ታች አዩዋት፤ እንዲያውም ክንዷን ያዝ አድርገው ፈተሹ። «ተመስገን!» ብለው ጮኹ። «ለካ አለች!» ከዚያም ጉንጯን አገላብጠው ሳሟት።

ኬኩ ተበልቶ ሒሳብ ሲመጣ፣ ፍራው ኬለር የራሷን ድርሻ ለማውጣት ቦርሳዋን ከፈተች። እትዬ በቀለች «በሞቴ!» ብለው እጇን ያዙ። የአበጀም እጅ እንደ ልማዱ ኪሱ ደርሶ ነበር። ባዶውን መለሰውና ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ።

«ይተዉት ፍራው ኬለር፣ አይችሏቸውም» አለ። «እትዬ፣ ይክፈሉ። አሁን ፈተና ላይ አይደለሁም።»